የዓርብ ሚስኮል

የሚክዳድን ሱቅና የእኔን ሱቅ የሚለየው ኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። እኔ በዚህ በኩል ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ እሱ በዚያ በኩል ስልክ ይሠራል። ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀመጥን አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። ስለ እሱ የማውቀውን አብዛኛውን ነገር ያወቅሁት በዚህ ግድግዳ በኩል ነው። ደንበኛ ሲከራከረው፣ ካቻቢቴ ወድቆበት ሲያጉረመርም፣ ሚስቱ ዱኒያ ደውላ ምሳው ቀዘቀዘ ስትለው እሰማለሁ። የሰማሁትን ሁሉ እዚህ አልጽፍም። የምጽፈው የጋሽ ካሣን ነገር ነው።

ሚክዳድ አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። እዚሁ መጋላ ሰፈር ተወልዶ አደገ፤ አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ትቶ አጎቱ ዘንድ ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ጀመረ። ቴፕ ሲቀር ወደ ስልክ ዞረ። ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ሲያወራ ሰው ፊት የማያይ ነው፤ የሚያየው እጁ ላይ ያለውን ስልክ ነው። ሌሎቹ ሠሪዎች ስክሪን ይቀይራሉ፣ የቻርጅ ቀዳዳ ያጸዳሉ። እሱም ይህንን ይሠራል፤ ስሙ የወጣው ግን በከርነል ነው። ከርነል ምን እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቀው አሮጌ ስልክ ከፍቶ አሳየኝ።

«ይኼ ብረቱ ነው» አለ ውስጡን እየነካ። «ይኼ ደግሞ አንተ በጣትህ የምትነካው ነው፤ ፎቶው፣ ቴሌግራሙ፣ ምኑ። ሁለቱ ፊት ለፊት አይነጋገሩም። መሀላቸው ቆሞ ‹ባትሪውን ይህን ያህል ስጠው፣ ከጋልክ ቀስ በል፣ ድምፁን ከዚህ አታሳልፍ› የሚል አለ። እሱ ነው ከርነል።»

«ታዲያ ፋብሪካው ያደረገለት አለ አይደል?»

«አለ። ፋብሪካው ግን ድሬን አያውቃትም።»

እነዚህ ስልኮች የቆሙበት ሊኑክስ የሚባለው መሠረት ለማንም ክፍት ነው። ስለዚህ በየአገሩ ያሉ ዕውቀቱ ያላቸው ሰዎች ከርነሉን እንደገና እየጻፉ በነፃ ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጡታል። ሚክዳድ ከዚያ እያወረደ ይጭናል። የመጀመሪያ ደንበኞቹ የባጃጅ ሾፌሮች ነበሩ። በግንቦት ቀትር መሪው ፊት የተሰቀለ ስልክ ይግላል፤ ሲግል ራሱን ለማዳን ይዘገያል፤ ሾፌሩም ይናደዳል። ሚክዳድ ኃይል በቁጠባ የሚያወጣ ከርነል ጫነላቸው፤ ስልኮቹም ቀዝቀዝ አሉ። ወሬው እስከ መልካ ጀብዱ ደረሰ። በራችን ላይ ሻይና ሳምቡሳ የምትሸጠው ሃሊሞ፣ «ይኼ ሰውዬ ስልክ መሥራቱን ትቶ ጠንቋይ ሆነ፤ አንድ ቀን ጥቁር ዶሮ ይዘሽ ነይ እንዳይለኝ እፈራለሁ» ትል ነበር።

ሥራው አደጋ እንዳለበት ግን ሚክዳድ ደብቆ አያውቅም። ከመጀመሩ በፊት ደንበኛውን ፊቱ አስቀምጦ ጣቱን እያጠፈ ይነግረዋል። ስልኩ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። መቆለፊያው ሲከፈት ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ፎቶህን አስቀድመህ አውጣ። የባንኩ መተግበሪያ ‹ይህ ስልክ ተነካክቷል› ብሎ አልከፍት ሊል ይችላል። ሻጩ የሰጠህ ዋስትና ከዛሬ ጀምሮ የለም። ሊግል፣ ባትሪውም ሊያብጥ ይችላል። አምስት ጣት። ደንበኛው «ሰምቻለሁ» ካላለ ሥራውን አይጀምርም። ይህንን ንግግር ከግድግዳው ማዶ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። አምስቱም ስለ ስልኩ ብቻ እንደሆኑ ያስተዋልኩት ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። እሱም እንደዚሁ።

ሌላም ልማድ ነበረው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት ሲወጣ፣ ለምሳ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት፣ ከመስጊዱ ግንብ ጥላ ሥር ቆሞ የሳምንቱን ደንበኞች በሙሉ ሚስኮል ያደርጋል። አንዴ አስጠርቶ ይዘጋል። ስልኩ ደህና የሆነለት ዝም ይላል፤ ችግር ያለበት መልሶ ይደውላል። ካርድ አይበላም፣ ሰውም አያሰለችም። እሱ «ዙር» ይለዋል። ደንበኞቹም ለምደውት ነበር፤ ስልካቸው አንዴ ጮሆ ዝም ሲል «ሚክዳድ ዙር ላይ ነው» ብለው ምሳቸውን ይበላሉ።

ጋሽ ካሣ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በባቡር ጥገና ክፍል ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው። ግራ ጆሮው እዚያው ቀርቷል፤ ቀኙም እየደከመ ነበር። ሚስቱ የኔነሽ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። አንዲት ልጁ ስምረት ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች። የምትደውልለት ዓርብ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አሠሪዎቿ ለምሳ ዘመድ ቤት ሲሄዱ ነው። አሥር ደቂቃ፣ ቢበዛ ሩብ ሰዓት ታወራዋለች። ጋሽ ካሣ ፂሙን የሚላጨው ሐሙስ ማታ ነው፤ ለምን ብዬ ስጠይቀው «ነገ ስምረት ትደውላለች» አለኝ። በስልክ እኮ አታይህም ብዬ ልመልስለት ነበር፤ ተውኩት።

አምና በጥቅምት ሚክዳድ ሱቅ ገብቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሼፍ፣ ይኼ ስልክ ማንሾካሾክ ጀመረ።»

ጋሽ ካሣ የወደደውን ሰው ሁሉ ሼፍ፣ አለቃ ማለቱ ነው፣ እያለ ነው የሚጠራው፤ የባቡር ሰዎች ልማድ ነው። ሚክዳድ በበኩሉ «ጋሼ» እያለ «አንተ» ይለዋል፤ ድሬ ላይ አንቱታ ለእንግዳ ነው።

«ጋሼ፣ ጆሮህን ሐኪም አሳይ» አለ ሚክዳድ ጮክ ብሎ።

«ጆሮዬ ደህና ነው። ግራው ሄዷል፣ እሱን አልክድም። ቀኙ ግን አለ። ይኸው አንተን እየሰማሁህ አይደል?»

«እየጮህኩ ነዋ፣ አቦ።»

«አንተ መቼ ሳትጮህ ታውቃለህ?»

ሃሊሞ ከውጭ ሳቀች። ሚክዳድም ሳቀ። «ላውድ ላይ አድርገህ ለምን አታወራም?» አለው።

ጋሽ ካሣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። የሚኖረው ለገሃሬ፣ አምስት ቤተሰብ ባለበት ግቢ ውስጥ ነው። አንድ ዓርብ ላውድ ላይ አድርጎ ሲያወራ ስምረት ስለ አሠሪዋ እያወራች አለቀሰች። በማግሥቱ የግቢው ሴቶች በሙሉ ሊያጽናኑት መጡ። «አንዷማ ዳቦ ጋግራ መጣች» አለ። «ልጄ ለእኔ ያለቀሰችውን አምስት ቤት ተካፈለው። ሁለተኛ ላውድ አላደርግም። ድምፁ እዚህ» አለና ስልኩ አናት ላይ ያለችውን ቀጭን ቀዳዳ በጥፍሩ ነካ፣ «እዚችው እንዲጎላልኝ ነው የምፈልገው።»

ሚክዳድ ስልኩን አገላብጦ አየው። ብዙ ሰው የያዘው ዓይነት ስለነበረ ከርነል የሚጽፉለት ሰዎችም ብዙ ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ፋብሪካው ለድምፅ የወሰነውን ጣሪያ የሚያነሳ ከርነል አውጥቷል። ከዜሮ እስከ ሃያ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድምፁ ይጨምራል። ጸሐፊው ከሥሩ ረጅም ማስጠንቀቂያ ጽፏል፤ ከአሥር በላይ ስትወጡ ለስፒከሩም ለጆሮም ተጠንቀቁ፣ እኔ ኃላፊ አይደለሁም ይላል። ሚክዳድ አንብቦታል። «እንደዚህ የማይጽፍ የለም» አለኝ በኋላ። «መድኃኒት ካርቶን ውስጥ እንዳለችው ወረቀት ነው። ማን ያነባታል?»

አምስቱን ጣት ለጋሽ ካሣ በጩኸት ነገረው። ጋሽ ካሣ «ሰምቻለሁ» አለ፤ እኔ ማሽኔ ጋ ቆሜ ሁሉንም መስማቱን ተጠራጠርኩ።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ሚክዳድ የስምረትን ፎቶዎች አንድ በአንድ ኮምፒዩተሩ ላይ አወረደ፤ ከዚያ መቆለፊያውን ከፈተ። በማግሥቱ ገበያው ለቀትር ሲዘጋ ወደ ቤቱ አልሄደም። ግማሽ በሩን ዝቅ አድርጎ፣ ማራገቢያውን ወደ ራሱ አዙሮ ተቀመጠ። እኔም የቀረኝ ሥራ ስለነበረ አልሄድኩም። ከርነሉን ሲጭነው ስልኩ የፋብሪካው ምልክት ላይ ቆሞ አልነሳ አለ። ሰባት ደቂቃ ጠበቀ። ከግድግዳው ማዶ የምሰማው የማራገቢያውን ድምፅ ብቻ ነበር። «ገደልኩት መሰለኝ» አለ። ቀጥሎ ሌላ ቅጂ አውርዶ እንደገና ሞከረ፤ ስልኩ ነቃ። «ወላሂ፣ ልቤ ቆማ ነበር» ብሎ ሳቀ። ያን ቀን የፈራው ለስልኩ ነው።

ድምፁን የሞከረው አሥር ሰዓት ላይ ገበያው ሲከፈት ነው። መብራት ስለጠፋ ጄነሬተሮች ይጮኻሉ፤ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ሙዚቃ ከፍቷል፤ ባጃጆች ጥሩምባ ይነፋሉ። ሚክዳድ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ በደንብ እስኪሰማው ድረስ ቁጥሩን ጨመረ፤ ስድስት ላይ አቆመው። ሁልጊዜም እንደዚህ ነው የሚለካው። ሁላችንም እዚህ ገበያ ውስጥ የምንሠራ ሰዎች ማንኛውንም ነገር የምንለካው በዚህ ጩኸት መሀል ቆመን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ካሣ በፌስታል ዘይቱን ይዞ መጣ፤ ለሚክዳድም፣ ለሃሊሞም፣ ለእኔም አከፋፈለ።

«ስትስቅ ሰማኋት» አለ። «መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ትስባለች፣ እንደ እናቷ። ረስቼው ነበር።»

ሚክዳድ ዘይቱኑን በሸሚዙ እየጠረገ ደጋግሞ አገላበጠው። ያን ያህል ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

በቀጣዩ ሳምንት ጋሽ ካሣ ተመለሰ። «ሼፍ፣ አንዳንድ ቃል ያመልጠኛል። ትንሽ ብትጨምረው» አለ። ሚክዳድ አሥር አደረገው። በኅዳር መጀመሪያ ደግሞ መጣ፤ አሥራ አምስት አደረገው። ለምን እንደጨመረ በኋላ ስጠይቀው፣ «ሲደሰት ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም» አለኝ። አሥራ አምስት ያደረገው ረቡዕ ቀን ነው። በዚያው ሳምንት ዓርብ ከሶላት ወጥቶ ግንብ ጥላ ሥር ቆመና ዙሩን ጀመረ። ሰባት ሰው ሚስኮል አደረገ፤ አራተኛው ጋሽ ካሣ ነበር። ጋሽ ካሣ መልሶ አልደወለም። ሚክዳድም ደህና ነው ብሎ ምሳውን ሊበላ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ካሣ ባዶ እጁን መጣ።

«ስልኩ ሞተ» አለ። ድምፁ ከወትሮው ጎልቶ ነበር። «ትናንት ስምረትን እያወራኋት መሀል ላይ አንድ ነገር ‹ጢጥ› አለብኝ፤ መርፌ የወጋኝ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ እሷም ጠፋች። ጭራሽ ድምፅ የለውም።»

ሚክዳድ የስልኩን ድምፅ መሞከሪያ ከፍቶ ጆሮው ላይ አስጠጋው። ግድግዳው ጫፍ ላይ ባለችው ቁራጭ መስታወት በኩል አይቼዋለሁ። ስልኩን እሳት እንደነካው ሰው ወረወረው፤ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። የመሞከሪያው ድምፅ በኮምፔንሳቶው አልፎ እኔ ጋ ደረሰ። ጋሽ ካሣ ግን አጠገቡ ተቀምጦ «ሞቷል፣ አይደል?» እያለ ይጠብቀዋል።

ሚክዳድ የጥሪውን ዝርዝር ከፈተ። ስምረት፣ ሰባት ሰዓት ከሠላሳ አራት፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ። ከላዩ የሚክዳድ የራሱ ቁጥር፣ ሰባት ሰዓት ከአርባ አንድ፣ ያልተነሳ ጥሪ። ሰው እያወራ ሌላ ጥሪ ሲመጣበት ስልኩ ጆሮው ውስጥ አንድ ጊዜ ‹ጢጥ› ይላል፤ ያችንም ድምፅ ከርነሉ ከሌላው ጋር አብሮ አሥራ አምስት ላይ አድርሷታል። ሚክዳድ ያኔውኑ ገብቶታል። እኔ ምንም አልገባኝም ነበር፤ እሱ ግን ገብቶታል።

«ሰኞ ና፣ ጋሼ» አለው፤ በእጁም ሰኞ ብሎ የቀን መቁጠሪያው ላይ አሳየው።

ሰኞ ስፒከሩን በአዲስ ለወጠው። ሐሙስ ከርነሉን አውጥቶ የፋብሪካውን መለሰ። በሁለተኛው ሳምንት ዕቃ እስኪመጣ ጠብቅ ብሎ ሸኘው። በየመሀሉ ጋሽ ካሣ እየመጣ ስልኩን ቀኝ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። ከዚያ «የለም» ብሎ መልሶ ያስቀምጠዋል። አንድ ጊዜ «ሰፈር ውስጥም ሰዎች ቀስ ብለው ማውራት ጀምረዋል፤ ምን ሆኑ?» ብሎ ጠየቀ። ሃሊሞ ሻይ ስታቀብለው ስኳር ልጨምር ወይስ አልጨምር ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችው፤ እሱ «እግዜር ይስጥልኝ» አላት። እሷ ወደ ሚክዳድ ዞራ አየችው፤ ሚክዳድ ወደ ካቻቢቴው አየ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሚክዳድ ሱቄ ገብቶ በሩን ዘጋ። በሩን ዘግቶ አያውቅም። ሁሉንም ነገረኝ።

«ታዲያ ለምን አትነግረውም?» አልኩት።

«እንዴት? ካልጮህኩ አይሰማኝም። ያደነቆርኩህ እኔ ነኝ ብዬ ታይዋን መሀል ልጩህ?» እጁን ጠረጴዛዬ ላይ አሳረፈ። «ጻፍልኝ። የእኔ አማርኛ ለመጻፍ አይሆንም። አንተ ጻፍ፣ እኔ እሰጠዋለሁ።»

ጻፍኩ። በሕይወቴ ብዙ ማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን ጽፌ አላውቅም። ውድ ጋሽ ካሣ ብዬ ጀመርኩ። ስልኩን ስናስተካክል ድምፁ ከልክ በላይ ሆኖ «ምናልባት» ጆሮዎን ጎድቶት ሊሆን እንደሚችል፣ ይህም «ከዕድሜ ጋር ተዳምሮ» የመጣ ሊሆን እንደሚችል ጻፍኩ። ሳነብለት ሚክዳድ አቋረጠኝ።

«ምናልባት ለምን ገባ?»

«ለአክብሮት ነው» አልኩት። «አጻጻፉ እንደዚህ ነው።»

«እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» አለ።

አላውቅም ነበር። ያቺን ቃል ያስገባኋት ለአክብሮት አይደለም፤ ለሚክዳድ አዝኜ ነው። ለጋሽ ካሣ ማዘን እንደነበረብኝ ያኔ አልታየኝም።

አምስት ሰዓት ላይ ጋሽ ካሣ መጣ። ሚክዳድ ወረቀቱን ሰጠው። ጋሽ ካሣ መነጽሩን አወጣ፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞረ፣ አነበበ፤ ከዚያ ከላይ ጀምሮ እንደገና አነበበ። እኔ በሬ ላይ ቆሜ ነበር። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ተስፋ ነበረ።

«ምናልባት ይላል» አለ። «እንግዲያው ምናልባት ስልኩም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሌላ ስልክ ላይ እንሞክረው፣ ሼፍ።»

ሚክዳድ ወረቀቱን ተቀበለው። ከጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ አንስቶ ገልብጦ በጀርባው ላይ ጻፈ። ፊደሉ ትልልቅና የተጣመመ ነበር፤ አንዷን ፊደል ሰርዞ ደግሟታል። «ስልኩ ደህና ነው። ጆሮህ ነው። እኔ ነኝ» ይላል።

ጋሽ ካሣ አነበበ። የተጻፈው ሦስት አጭር መስመር ብቻ ቢሆንም ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ «መቼ አወቅህ?» አለ። የማይሰማ ሰው ድምፁን አይለካም፤ ጥያቄው እስከ ገበያው ጫፍ ደረሰ። ሰዎች ዞሩ።

ሚክዳድ ጻፈ።

«የመጀመሪያው ቅዳሜ» ብሎ ጋሽ ካሣ ጮክ ብሎ አነበበው። «የመጀመሪያው ቅዳሜ? እና ሦስት ሳምንት ስታመላልሰኝ ምን ነበር የምትሠራው?»

ሚክዳድ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ገበያው ሁሉ የሰማው የጋሽ ካሣን ጥያቄ ብቻ ነው።

በማግሥቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ሚክዳድ ሱቁን ዘግቶ ጋሽ ካሣን የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደው። እኔም አብሬ ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጋሽ ካሣን ትንሽ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ማዳመጫ አድርጎለት መረመረው። ሲወጣ ለሚክዳድ ነገረው። ቀኝ ጆሮው ውስጥ የቀረው እጅግ ጥቂት ነው። ድምፁ ይሁን ዕድሜው፣ ወይም ሁለቱም ይሁኑ፣ አሁን ለይቶ መናገር አይቻልም። ቀድሞም የተጎዳ ጆሮ ነው፤ የጆሮ መሣሪያ ቢደረግለት ሰው መምጣቱን ይለይ ይሆናል እንጂ ንግግር አይለይም።

«መድኃኒት የለውም?» አለ ሚክዳድ።

«በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢመጣ የምንሰጠው ክኒን አለ። አንዳንዱን ይረዳል፣ አንዳንዱን አይረዳም። እሱን ይረዳው ነበር ወይ ብትለኝ አላውቅም። አሁን ግን ጊዜው አልፏል።»

ሐኪሙ ሌላም ብዙ ነገር ተናገረ። ሚክዳድ ከዚያ ሁሉ ይዞ የወጣው «በመጀመሪያዎቹ ቀናት» የሚለውን ነው። እስከ ዛሬም የሚደግመው እሱን ነው። ከርነሉን አያነሳም፤ አሥራ አምስትን አያነሳም፤ ሚስኮሉንም የሚያነሳው አልፎ አልፎ ነው። ሦስቱን ሳምንት ግን ቀን በቀን ይቆጥራቸዋል። ሰኞ ስፒከር ቀየርኩ፤ ያን ቀን ብወስደው ሦስተኛው ቀን ነበር ይላል። ሐሙስ የፋብሪካውን መለስኩ፤ ያኔ ስድስተኛው ቀን ነበር ይላል።

ውጭ ዛፍ ሥር ቆመን ሚክዳድ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ጻፈለት። በዚህ ጊዜ ጻፍልኝ አላለኝም። ጋሽ ካሣ አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ስምረት እንዳትሰማ» አለ።

ሚክዳድ ራሱን ነቀነቀ፤ እምቢ እንዳለ ይሁን፣ እሺ እንዳለ አልታወቀም።

«እንዳትሰማ አልኩህ። ካወቀች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። ስትመጣ ደግሞ አልሰማትም። የመጣችበትን ነገር ታጣዋለች።» ጣቱን ወደ ሚክዳድ ቀሰረ። «ሦስት ሳምንት ለራስህ ዝም ብለሃል። ከአሁን በኋላ ለእኔ ዝም ትላለህ።»

ሰባት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነበር። ባጃጅ ይዘን ለገሃሬ አደረስነው። ስልኩ ሲበራ እጁ ላይ አይቶ አነሳው፤ ቀኝ ጆሮው ላይ አላደረገውም፤ እንደ ማይክ አፉ ጋ ያዘው። «ስምረትዬ፣ ስልኩ አሁንም እንደተበላሸ ነው። የእኔ ድምፅ ይወጣል፣ ያንቺ አይገባም። ስለዚህ እኔ ላውራ፣ አንቺ ስሚኝ» አለ። ከዚያ ሩብ ሰዓት ሙሉ አወራ። ስለ ግቢው ሰዎች፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ዘይቱኑ ዋጋ። እሷ መናገር እንዳትጀምር የፈራ ይመስል ትንፋሽ አልወሰደም። አጠገቡ ቆመን የእሷን ድምፅ ከስልኩ ቀዳዳ በቀጭኑ እንሰማ ነበር፤ «አባዬ፣ አባዬ፣ አንድ ጊዜ» ትላለች። እሱ ስለ ሙቀቱ ያወራል።

ይህ ከሆነ ወራት አለፉ። ሚክዳድ ከርነል መጫን አቁሟል። የባጃጅ ሾፌሮች ይመጣሉ፤ «አልሠራም» ይላቸዋል። አንዱ «አቦ፣ ምን ነካህ? ለእኔ እኮ ዓመት ሠርቶልኛል» ብሎ ለመነው፤ ስልኩ በእርግጥ ዓመት ሠርቷል። «አልሠራም» አለው። ዙርም ቀርቷል። ዓርብ ከሶላት ሲወጣ ስልኩን አጥፍቶ ወደ ለገሃሬ ይሄዳል፤ ጋሽ ካሣ አውርቶ እስኪጨርስ አጠገቡ ይቀመጣል። የሚሠራው ነገር የለም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ጋሽ ካሣ አልቀየመውም፤ ሼፍ ማለቱንም አልተወም። ቢቀየመው ለሚክዳድ ይሻለው ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ጠይቄው ግን አላውቅም።

ባለፈው ሰኞ ረፋድ ላይ የሚክዳድ ስልክ ጠራ። እሱ ሲሠራ ሁልጊዜ ላውድ ላይ ነው የሚያወራው፤ ሁለት እጁ ተይዟል። የሴት ድምፅ ነበር።

«ወንድም ሚክዳድ፣ ስምረት ነኝ፣ የጋሽ ካሣ ልጅ። እመቤቴ ገበያ ወጥታ ነው። የአባዬ ስልክ ዕቃው አልመጣም?»

«አልመጣም፣ እህቴ። እየጠበቅን ነው።»

«አዲስ ልላክለት?»

«አይ… አሁን አትላኪ። ይሄኛው ይሠራል፤ ዕቃው ሲመጣ።»

«እሱ እኮ ያወራል፣ ያወራል፣ ይዘጋል። እኔ ደግሞ የምጠይቀው ነገር አለኝ።»

«ንገሪኝ፤ እኔ ልጠይቅልሽ።»

«አይ። ለእሱ የሚነገር ነው።»

«ጻፊለት፤ በደንብ ያነባል።»

«ጽፌ ጽፌ አጠፋሁት። ለመጻፍ የሚሆን አይደለም።» ከዚያ ድምፅዋን ቀለል አድርጋ፣ «ምንም አይደል፣ እጠብቃለሁ። ዓርብ ዓርብ አጠገቡ እንደምትሆን ነግሮኛል። አንተ ስላለህለት ነው እዚህ ሆኜ የማልሰጋው። እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

«አሚን» አለ ሚክዳድ።

ተዘጋ። እኔ ማሽኔን ሳላበራ ቆሜ ነበር። ከግድግዳው ማዶ የካቻቢቴው ድምፅ ቆሟል። ቆይቶ ሚክዳድ፣ «ምን ማለት ነበረብኝ?» አለ፤ ግድግዳው ጋ ተጠግቶ መሆን አለበት፣ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

መልስ ስፈልግ አንድ ሰው መታወቂያ ይዞ ገባ፤ በሁለቱም ገጽ አንሳልኝ አለኝ። አነሳሁለት። ስጨርስ ከግድግዳው ማዶ የካቻቢቴው ድምፅ እንደገና ጀምሮ ነበር፤ እኔም ለሰውዬው መልሱን ቆጥሬ ሰጠሁት።